ለአንዲት ፔቱኒያ መታወቂያ ማውጣት

እናቴ አምደወርቅ በረንዳዋ ላይ በወተት ጣሳ የምታሳድጋት አንዲት አበባ አለች። ባለፈው መስከረም ለበዓል ስሄድ ጣሳዋን ከነአፈሯ አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና «እስቲ ይቺን በጋዜጣህ ጻፋት» አለችኝ። የእናት ትእዛዝ ነውና እሺ አልኩ። ልጽፋት ስቀመጥ ግን እጄ ተያዘ። ፔቱኒያ መሆኗን ያየ ሁሉ ያውቃል። ከሌላው ፔቱኒያ በምን ትለያለች? «ታምራለች» ብሎ መጻፍ ስለማንኛዋም አበባ ይቻላል። ሁለት ወር ያስጨነቀኝ ይኸው ጥያቄ ስለሆነ የዛሬውን ዓምድ ለእሷ ሰጥቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አዲስ አበባ ከአንድ ዘር መሸጫ አንዲት ትንሽ እሽግ ገዝቼ ወሰድኩላት። እናቴ እሽጓን ከፍታ መዳፏ ላይ ስታራግፋት ሳቀች። «ይሄ ዘር ነው ወይስ የበርበሬ ብናኝ?» አልተሳሳተችም፤ አንድ ግራም የፔቱኒያ ዘር ውስጥ አሥር ሺህ ገደማ ፍሬ አለ። ጤፍ አጠገቡ ቢቀመጥ ባቄላ ይመስላል። «እማ፣ እንደ ጤፍ ላዩ ላይ በትኚው እንጂ አፈር አታልብሺው፤ ብርሃን ካላየ አይበቅልም» አልኳት። ጤፍ ስትዘራ ላደገች ሴት ከዚህ በላይ ማብራራት አላስፈለገም። በሳምንት ከሦስት ቀኑ አፈሩ አረንጓዴ ነጠብጣብ አወጣ።

በዚያ ዓመት የበቀሉት ሁሉ ጥቁር ወይንጠጅ ነበሩ፤ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ይመስሉ ነበር። እናቴ ደስ ስላላት የደረቁትን ፍሬዎች ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። በቀጣዩ ክረምት ከቋጠሮዋ ስትዘራ ግን ጉድ ተፈጠረ፤ ነጭ ወጣ፣ ሮዝ ወጣ፣ ሐምራዊ ወጣ፣ ግማሹ ረጅም፣ ግማሹ ድንክ። ስልክ ደውላ «ዘሩን ሰው ቀይሮብኛል» አለችኝ።

የቀየረባት ሰው አልነበረም። እሽጉ ላይ «ኤፍ ዋን» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ይህ ማለት ዘሩ የሁለት ንጹሕ ወላጆች የመጀመሪያ ዲቃላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁሉም ይመሳሰላሉ። የእነሱ ልጆች ላይ ግን ተደብቆ የኖረው የአያትና የቅድመ አያት መልክ ሁሉ ብቅ ይላል። ዘር ሻጩ በየዓመቱ ደንበኛ የሚያገኝበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በቆሎ የሚዘሩ ገበሬዎቻችን ይህንን ካወቁት ቆይተዋል።

ከዚያ ዝብርቅርቅ መካከል ነው ይቺ የምነግራችሁ የተገኘችው። መልኳ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው፤ ከመሐሏ ወደ ጠርዟ የሚሮጡ ጥቁር ወይንጠጅ ሥሮች አሏት። እናቴን የማረካት ግን መልኳ አይደለም። ቀን ምንም አትሸትም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጀምራ በረንዳውን ታውደዋለች። «ይቺ የማታ ናት» አለች እናቴ፣ እኔ መጽሐፍ ሳልገልጥ።

ገልጬ ሳየው ልክ ነበረች። የዛሬው የጓሮ ፔቱኒያ የሁለት የደቡብ አሜሪካ የዱር አበቦች ዝርያ ነው። አንደኛዋ ነጭ ናት፤ የምትሸተው ማታ ነው፣ ምክንያቱም ዱቄቷን ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርስላት በጨለማ የሚበር ትልቅ የእሳት እራት ነው። ሁለተኛዋ ወይንጠጅ ናት፤ የቀን ናት፣ እንግዳዋም ንብ ነው። አውሮፓውያን አትክልተኞች እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሁለቱን አዳቀሏቸው። የእናቴ አበባ ቀለሟን ከአንደኛዋ፣ የማታ ጠባይዋን ከሌላዋ ሳትወርስ አልቀረችም። በነገራችን ላይ ፔቱኒያ የሚለው ስም «ፔቱን» ከሚል የብራዚል ነባር ሕዝቦች ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትምባሆ ነው። የትምባሆ ዘመድ ናትና፤ ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬም የአክስት ልጆቿ ናቸው። ስለዚህ ሲጋራ የያዘ እጅ ሳይታጠብ ባይነካት ይመረጣል፤ ትምባሆን የሚያጠቃው ቫይረስ እሷንም ቅጠሏን አዥጎርጉሮ ያጠወልጋታል።

እኔ ያኔ ስግብግብነት ያዘኝ። መልኳ እንደዚችው የሆነ፣ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥንካሬ የያዘ አዲስ ዝርያ ላወጣ አሰብኩ። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ነገ የምትከፈት እንቡጥ ይመረጥና በወረንጦ በጥንቃቄ ትከፈታለች። ውስጧ አምስት የወንዴ ዘንጎች አሉ፤ ዱቄታቸው ሳይፈነዳ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። እናቴ እሾህ የምታወጣበት ወረንጦ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መሐል የምትቀረው የሴቴዋ አናት በማግስቱ ማር እንደነካት ስታብለጨልጭ ከሌላኛው አበባ የመጣው ዱቄት ይቀባታል። ከዚያ ንብ እንዳይገባ በሻሽ ሸፍኖ፣ ክር አስሮ መጠበቅ ነው። ዋግ ኽምራ የማር አገር ነው፤ እዚያ ንብን ካልከለከሉት አባትየውን እሱ ነው የሚመርጠው። በወር ገደማ ፍሬዋ ቡናማ ሆና ትደርቃለች።

እኔ ያዳቀልኩት ዘር በቅሎ ነበር። አርባ ያህል ቡቃያ ወጣ። አንድ ቀን ጠዋት ግን የጎረቤት ዶሮዎች ገብተው አፈሩን ሲጭሩ አረፈዱ፣ የተረፉት አሥራ አንድ ሆኑ። ከአሥራ አንዱ ማታ የሸተተች አንድም የለችም። የእኔ የማዳቀል ታሪክ እዚህ ላይ አለቀ።

እናቲቱ ራሷም ልትሞት ነበር። በበጋው የቦኖው ውሃ ጠፍቶ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ሩቅ በሚሄድበት ወቅት አንዲት ጎረቤት በረንዳው ላይ ያሉትን ጣሳዎች አይታ «ለሰው ያልበቃ ውሃ ለአበባ?» ብላ ተናገረች። ክፉ ልብ ኖሯት አይደለም፤ ልጆች አሏት። እናቴ መልስ አልሰጠቻትም። በዚያው ሳምንት ከአሥራ ሰባቱ ጣሳዎች አሥራ ስድስቱን ተወቻቸው። አንዷን ብቻ የእጅ መታጠቢያ እጣቢ እያጠጣች አቆየቻት። እኔ ይህንን የሰማሁት በኋላ ነው። በስልክ ስጠይቃት የነበረው ስለ አዳቀልኳቸው እንጂ ስለዚያች አልነበረም።

ዝናብ ሲመለስ ከአንዷ ስድስት አወጣን። አበባ ያልያዘ ለጋ ቅርንጫፍ በጣት ርዝመት ቆርጦ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች መልጦ እርጥብ አሸዋ ውስጥ መትከል ነው፤ በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። በዘር እንደሚደረገው የአያት መልክ አይመጣም፤ ቁራጯ እናቲቱ ራሷ ናት። ቆቃ አካባቢ ካሉ የአበባ እርሻዎች ሥር ያላወጡ ቁራጮች በአውሮፕላን ተጭነው አውሮፓ የሚሄዱት በዚሁ ጥበብ ነው፤ ልዩነቱ የእነዚያ ዝርያዎች ባለቤት ሌላ አገር መሆኑ ነው።

እንግዲህ መታወቂያው። በዓለም አቀፉ አሠራር አንድ ዝርያ አዲስ ነው ለመባል ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ከሚታወቁት ሁሉ መለየት፣ እርስ በርስ መመሳሰል፣ ሲባዛ መልኩን አለመቀየር። የእኛም አገር የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 1068/2010፣ ቀዳሚው 481/1998ም፣ የቆሙት በእነዚሁ ላይ ነው። ለፔቱኒያ የሚሞላው መጠይቅ ረጅም ነው። ቁመናዋ ቀጥ ያለ ነው፣ የተንሰራፋ ወይስ የተንዠረገገ? አበባዋ ነጠላ ናት ድርብ? ወርዷ ስንት ነው? ሥሮቿ በጉልህ ይታያሉ? የጉሮሮዋ ውስጥ ምን ቀለም ነው? ዱቄቷስ?

ቀለሙ ላይ ተጣላን። ባለሙያዎች ቀለም የሚያነቡት የእንግሊዝ የአትክልተኞች ማኅበር ካሳተመው፣ እያንዳንዱ ቀለም ቁጥር ከተሰጠው የካርድ ጥራዝ ላይ ነው። እኛ ጋ እሱ የለም። እኔ «ፈዛዛ ሐምራዊ» ስል እናቴ «የቀይ ሽንኩርት የውስጥ ልጣጭ» አለች። እህቴ ሽንኩርት አምጥታ አጠገቧ ያዘችው። ልክ ነበር። ዱቄቷን እኔ ግራጫ ስል እናቴ «ዳለቻ» አለች፤ ለከብት ቆዳ የምንለውን። በሬ በሩቅ በመልኩ ለይቶ የሚጠራ ሕዝብ አበባ መግለጽ አያቅተውም ብዬ መጠይቁ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩ።

ወሎ ውስጥ ገበሬዎች «ወተት በጉንጬ» የሚሉት ማሽላ አለ። ስሙ ራሱ መግለጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ ላይሲን በሚባለው የፕሮቲን ክፍል እጅግ የበለጸጉ ሁለት ዓይነቶች አገኙ፤ ሁለቱም የወሎ ነበሩ። አበባም ላይ ይኸው ነው። ዛሬ በየአገሩ የአምፑል አበባ ካታሎግ ላይ የምትሸጥ፣ ነጭ ሆና መሐሏ ጥቁር ወይንጠጅ የሆነች፣ ማታ የምትሸት የግላዲዮለስ ዓይነት አለች። ከእኛ ተራሮች የሄደች ናት። ጀርመናዊው ሆክስቴተር እ.ኤ.አ. በ1844 ገልጾ በላቲን ሰየማት።

መግለጫ በዓይን ብቻ ሲሆን የሚያመልጠውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የፊንላንድ ሳይንቲስት ሄልሲንኪ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ብርቱካናማ ፔቱኒያ ተተክላ አየ። ፔቱኒያ በተፈጥሮዋ ብርቱካናማ እንደማትሆን የሚያውቅ ሰው ነበርና አንድ ቅንጣቢ ወስዶ መረመረ፤ ውስጧ የበቆሎ ጂን ተገኘ። ያንን ጂን እ.ኤ.አ. በ1987 ፔቱኒያ ውስጥ ያስገቡት ኮሎኝ ያሉ ተመራማሪዎች ነበሩ፣ ለምርምር። ከዚያ እንዴት እንደወጣ ሳይታወቅ ገበያ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ሲሸጥ ኖሯል፤ ብዙ ሻጮች ሳያውቁት። በ2017 የፊንላንድ መንግሥት ሽያጩን አገደ፣ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው አበባ ተነቅሎ ተጣለ። እናቴ ይህንን ስነግራት ወዲያው ጣሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

ፈተናውን በታማኝነት ሞላሁት። መመሳሰል፤ ስድስቱም ይመሳሰላሉ። አለመለወጥ፤ እዚህ ላይ ደንገጥ ብዬ ነበር፤ በኅዳር ቅዝቃዜ የሁለቱ ሥሮች ጠቆሩ። ቅዝቃዜና ብርሃን የፔቱኒያን ቀለም እንደሚለዋውጡ የታወቀ ስለሆነ ጣሳዎቹን አቀያይረን አየን፤ ከሰሜን ጥግ የተነሱት ፈዘዙ፣ በቦታቸው የገቡት ጠቆሩ። ተመስገን፣ ጥፋቱ የጥጉ ነው። መለየት የሚለው ግን አልተሞላም። ፈዛዛ ሆና ጥቁር ሥር ያላት ፔቱኒያ በዓለም ላይ ሞልታለች። የሚለያት ሽታዋ ነው፤ እሱን ደግሞ በማስመሪያ መለካት አይቻልም።

የቀረው ስም ነበር። የዝርያ ስም ቁጥር ብቻ መሆን አይፈቀድለትም፣ ገዢውንም ማሳሳት የለበትም። እህቴ «አምደወርቅ እንበላት» አለች። ደስ ብሎኝ ልጽፈው ስል እናቴ ከለከለችን። «ወርቅ ብለህ ስትጽፍ ሰው ቢጫ አበባ ሊመስለው ነው፤ ኋላ ሲያያት ዋሹኝ ይላል።» ሕጉን ያላነበበች ሴት ናት! «የማታዋ» ተብላ ተጻፈች።

ማመልከቻ አላስገባሁም። የማስገባበትም ፊት የለኝም፤ ለእረፍት በሄድኩበት በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን፣ ያቺ ስለ ውሃው የተናገረችው፣ ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ቡና ስትጠጣ ሽታው ደረሳት። እናቴ ምንም ሳታማክረኝ ሦስት ቁራጭ ቆርጣ ሰጠቻት፤ «ጣሳ ግን ከቤትሽ» ብላ።

መጠይቁ ላይ የአበባዋን ወርድ ረስቼው ስለመጣሁ ትናንት ማታ ደወልኩላት። ስልኩን አስቀምጣ ሄደች፣ ቆየች፣ ተመለሰች። «ስድስት ሴንቲ ተኩል» አለችኝ። ከኋላዋ የጎረቤታችን ድምፅ «የእኔዋ ሰባት ናት በይው» ሲል ይሰማኛል።