የመቅደላ ስምና የቦረና ገደሎች

የእሳተ ገሞራ ሳይንስ የጅማሬ ታሪክ ሲተረክ ቬሱቪየስ፣ ኦቨርኝና ኤድንብራ ይነሣሉ፤ ወሎ ግን ይዘነጋል። ዝንጋታው የታሪክ ብቻ ሳይሆን የምርምርም ጉድለት አስከትሏል።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ዐቢዩ ክርክር የባሳልት አመጣጥ ነበር። በፍራይበርግ የማዕድን አካዳሚ ያስተምር የነበረው አብርሃም ቬርነር፣ ባሳልት ከጥንታዊ ውቅያኖስ የዘቀጠ ዐለት ነው አለ። ኒኮላ ዴማሬ ግን እ.ኤ.አ. በ1763 በኦቨርኝ የባሳልት ዓምዶችን ተመልክቶ አመጣጣቸውን ከጠፉ እሳተ ገሞራዎች ጋር አያያዘ፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሀተንም የምድርን ውስጣዊ ሙቀት የዐለት መፍጠሪያ ኃይል አደረገው። ክርክሩ በእሳት ወገን ድል ቢደመደምም፣ እሳተ ገሞራ ማለት አፉ የተከፈተ ሾጣጣ ተራራ ነው የሚለው ምስል ሰነበተ።

ዊሊያም ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲመጣ በመቅደላ ያገኘው ግን አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ንብርብር የሆነ አምባ ነበር። በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ያገለገለ በመሆኑ የደካንን ባሳልት ያውቃል፤ ስለዚህ ንብርብሩን የእሳተ ገሞራ ሥራ መሆኑን ለመለየት አልተቸገረም። እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የታችኛውን ክፍል «አሸንጌ»፣ የላይኛውን «መቅደላ» ብሎ ሰየመ።

ስያሜው ታላቅ እርምጃ ቢሆንም ከአንድ የጦር መንገድ የተገኘ ነው። መንገዱ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ መቅደላ ላይ አበቃ፤ ቦረናን አልነካም። ብላንፎርድም የሚለየው በመልክና በአቀማመጥ እንጂ በዕድሜ ልኬት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት የአምባ ምድሩ ባሳልት አብዛኛው ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ባነሰ ጊዜ እንደ ፈሰሰ አሳየ። እዚያው ደቡብ ወሎ ያለው የጉጉፍቱ እሳተ ገሞራ ግን ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በአንድ ዞን ውስጥ የሚታዩ ሁለት ጥቋቁር ገደሎች በስምንት ሚሊዮን ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ የሚታየውን ንብርብር በመልኩ ብቻ «አሸንጌ» ወይም «መቅደላ» ብሎ መፈረጅ ስም መገልበጥ እንጂ ምርምር አይደለም። የዕድሜ ልኬት ውድ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ፍሰቶችን አንድ በአንድ መቁጠር፣ ውፍረታቸውን መለካት፣ በመካከላቸው የተቀበረውንና የእረፍት ዘመንን የሚመሰክረውን ቀይ አፈር መመዝገብ መዶሻ፣ ኮምፓስ፣ ሜትርና ብርቱ እግር ብቻ ይጠይቃል። ብላንፎርድም ከዚህ እጅግ የበለጠ መሣሪያ አልነበረውም። በመካነ ሰላም ግቢ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ ከደጁ ሊጀምር ይችላል፤ ስሙን የወሰደበት አምባ ለሳይንስ ያቀረበው ጥያቄ ገና አልተዘጋምና።