ከመሣሪያ በፊት ማስተዋል

ከጓደኞቼ ጋር ስለ ወደፊቱ ኑሯችን ስንጨዋወት አንድ ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ፤ እርሱም «መሣሪያው ቢኖረን እኮ እንሠራ ነበር» የሚል ነው። እኔም ራሴ ይህን ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ነገር ግን ሱብራታ ሚትራ ስለሚባለው ህንዳዊ የፊልም አንሺ ካነበብኩ ወዲህ አሳቤ ስለ ተለወጠ፣ የተለወጠበትን ምክንያት ለአንባቢዎቼ ለመግለጥ እወዳለሁ።

ሱብራታ ሚትራ የተወለደው በ1930 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ዝነኛው የፈረንሳይ ፊልም አዘጋጅ ዣን ሬኗር በ1950 ገደማ «ወንዙ» የተባለውን ፊልም በቤንጋል ሲያነሣ፣ ሚትራ ከሠራተኞቹ ጋር ለመቀጠር ፈልጎ አልሆነለትም። የተፈቀደለት ቆሞ መመልከት ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አኵርፎ ወደ ቤቱ በተመለሰ። ዕድሜው ከእኛ ብዙም የማይርቀው ይህ ወጣት ግን፣ መብራቱ ከየት እንደ በራ፣ ካሜራው የት እንደ ቆመ፣ ተዋናዩ ወዴት እንደ ሄደ በደብተሩ ላይ እየሣለ ይጽፍ ጀመር። ማስታወሻውም እጅግ የተጣራ ስለ ነበረ፣ የካሜራው ኀላፊ ክሎድ ሬኗር የመብራቱን አቀማመጥ ለማመሳከር የእርሱን ደብተር እስከ መጠየቅ ደረሰ።

ሳትያጂት ራይ በ1952 «ፓተር ፓንቻሊ» የተባለውን ፊልም ማንሣት ሲጀምር ካሜራውን በዐደራ የሰጠው ለሚትራ ነው። ሚትራ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር እንጂ በፊልም ካሜራ ሠርቶ አያውቅም ነበር። ገንዘብ እያለቀ ሥራው ደጋግሞ ቆመ፤ በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ረድቶ በ1955 ተፈጸመ፤ በ1956ም በካን የፊልም በዓል ተሸለመ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን በ1956 የወጣው «አፓራጂቶ» ሲነሣ የሆነው ነገር ነው። ለዚህ ፊልም የቤናሬስ ከተማ ቤት ግቢ አስፈለገ። የዝናም ወራት ስላሠጋቸው ባንሲ ቻንድራጉፕታ ግቢውን ደጅ መሥራቱን ትቶ በካልካታ ስቱዲዮ ውስጥ ሠራው። ሚትራ ተቃወመ። «በዚያ ቤት ብርሃን የሚወርደው ከክፍት ሰማይ ስለ ሆነ ጥላ የለውም፤ በስቱዲዮ መብራት እርሱን ማስመሰል አይቻልም» ሲል ቢከራከርም አልሰሙትም። በዚህ ጊዜ ከግቢው በላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ መብራቶቹን ወደ ጨርቁ አዞራቸው። ከጨርቁ ተመልሶ የወረደው ብርሃንም የሰማይን ብርሃን መሰለ።

እንግዲህ ነጭ ጨርቅ በማንም ቤት ይገኛል። በቀላሉ የማይገኘው ግን ብርሃን በአንድ ግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚወርድ አስተውሎ ያየ ሰው ነው።

«ታዲያ መሣሪያ አያስፈልግም ማለትህ ነውን?» የሚለኝ ቢኖር፣ አይደለም እለዋለሁ። ያለ መንግሥት ገንዘብ የመጀመሪያው ፊልም መፈጸሙ አጠራጣሪ ነበር፤ ለተማሪ መሣሪያ ማቅረብ የሚገባቸው ሁሉ በእኔ ጽሑፍ አያመካኙ። እኔ የምለው፣ ካሜራው በመጣ ጊዜ ሚትራን ተዘጋጅቶ ያገኘው ከዚያ በፊት በጻፈው ደብተር ምክንያት ነው። ላልተዘጋጀ ሰው የመጣ መሣሪያ ከነሣጥኑ አቧራ ይለብሳል።

ሚትራ እስከ 1966 ድረስ ለራይ አሥር ፊልሞች አነሣ። በ2001 ከመሞቱ በፊት በነበሩት ዓመታትም፣ በካልካታ በራይ ስም በተሰየመው የፊልምና የቴሌቪዥን ተቋም ወጣቶችን አስተማረ። መመልከት ብቻ ተፈቅዶለት የነበረው ልጅ የሚያሳይ መምህር ሆነ።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ «ቆማችሁ ተመልከቱ እንጂ አትንኩ» የምንባልበት ቀን ቢመጣ አንቈጣ፤ ደብተራችንን ይዘን እንግባ።