ቮልስ ብርቅ ናት ወይስ እጥረት?

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ ለሚወርድ ነጋዴ ደህና መኪና ማለት ኩንታል የምትሸከም፣ ፍሬኗ የሚይዝና መለዋወጫዋ ጎንደር ላይ የማይታጣ ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን በጠረበው በዚያ ቁልቁለት የአሜሪካ የድራግ ውድድር መኪና ምን ትፈይዳለች? ሥራዋ 402 ሜትር ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ከቆመችበት ተስፈንጥሮ መቅደም ብቻ ነው።

ይሁንና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተወዳደሩት መካከል የተረፉት ጥቂቶች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በብርቱ ይፈለጋሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዚያን ዘመን መኪና ዛሬ ማንም ሊያመርት አይችልም። ገዢው የሚከፍለውም ለብረቱ ሳይሆን ለታሪኩና ታሪኩን ለሚያረጋግጠው ሰነድ ነው።

ይህ ወሬ የደረሳቸው አንዳንድ ባለገንዘቦች ታዲያ በእኛይቱ ቮልስ ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል። እርግጥ ቮልስም ለድራግ ሜዳ እንግዳ አይደለችም። ኢምፒ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ “ኢንች ፒንቸር” ብሎ የሰየማት ቮልስ በዚያው ዘመን ዝና አትርፋለች። ብርቅ የሆነችው ግን ያቺ መኪና እንጂ ዘሯ ሁሉ አይደለም። ቮልስ እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች።

ለመሆኑ ዋጋዋ እኛ ዘንድ ለምን ተሰቀለ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ይህ እጥረት ነው እንጂ ብርቅነት አይደለም። በአዋጅ የመጣ እጥረት በአዋጅ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ የሰሊጥ ሽያጩን ገንዘብ ቮልስ ላይ ለማሰር ያሰበ ነጋዴ አስቀድሞ ሊብሬውን ከሞተርና ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ያመሳክር። ደላላው “ሞተሯ ተቀይሯል፣ ወንበሯ ታድሷል” እያለ ዋጋ ሲጨምር፣ ሰብሳቢ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ምክንያት ዋጋ እንደሚቀንስ ይወቅ። ከፋብሪካ እንደወጣች የቆየች፣ ወረቀቷም የተሟላ ቮልስ ካገኘ ይግዛ፤ ነገ ገበያው ቢከፈት እንኳ የሚፈልጋት አታጣም። የቀረችውን ግን ለመንዳት እንጂ ለማትረፍ ብሎ አይግዛት።