ሳይዘጋ ያደረ የሒሳብ ፕሮግራም፣ ባላጠፉት የሚጠየቁ ሠራተኞች

በየወሩ 20ኛው ቀን ሲደርስ የኮሎራዶ ነጋዴ ያለፈውን ወር የሽያጭ ታክስ ማስታወቅ አለበት። በኦሮራ ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ምግብ ቤት ወይም የእንጀራና የቅመማ ቅመም መደብር ያለው ሰው ደግሞ ሥራው እጥፍ ነው። ኦሮራ ታክሷን ራሷ የምትሰበስብ ከተማ በመሆኗ ስቴቱ የ2.9 በመቶውን፣ ከተማዋ የ3.75 በመቶውን ሒሳብ ለየብቻ ይጠይቃሉ። ቀኑ ሊደርስ ሲል፣ ማታ ወጥ ቤቱ ከታጠበ በኋላ፣ የአንድ ምግብ ቤት ሒሳብ ያዥ በጓዳ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ወሩን ለመዝጋት ስትሞክር እንበል። ፕሮግራሙ አያስገባትም። የተፈቀደው የተጠቃሚ ቁጥር ሞልቷል ይላታል። በቤቱ ውስጥ ግን ከእርሷ በቀር ሰው የለም።

ቦታውን የያዘው ቀን ላይ የዕቃ መግዣ ደረሰኝ ሲያስገባ ውሎ ከፕሮግራሙ ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሄደ ባልደረባዋ ነው። እርሱ ተኝቷል፤ ስሙ ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ምሽት ከአንድ ቤት ግድየለሽነት ይልቅ ከፕሮግራሞቹ አሠራርና ከዋጋቸው የሚመነጭ ነው። ኩዊክቡክስ ዴስክቶፕ ፕሮ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 3 ሰዎችን፣ ፕሪሚየር ቢበዛ 5 ሰዎችን ያስተናግዳል። አዲስ አበባ ሒሳብ ተምሮ የመጣ ሁሉ በፒችትሪነቱ የሚያውቀው፣ ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው ፕሮግራምም እንዲሁ በተጠቃሚ ቁጥር ይሸጣል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው ክፍያ አለ። ትንሽ ነጋዴ ደግሞ የሚገዛው የሚያስፈልገውን ያህል ሳይሆን አቅሙ የፈቀደውን ያህል ነው። በዚህ ላይ እንደ ዓመት መዝጋት ያሉ ሥራዎች ሌላው ተጠቃሚ ሁሉ ካልወጣ አይሠሩም። አንድ ሰው ገብቶ ሳይወጣ ሲቀር፣ በቴክኒክ ባለሙያዎች ቋንቋ ሴሽኑ ክፍት ሲያድር፣ የሚባክነው የኮምፒውተር ጉልበት ብቻ አይደለም። በገንዘብ የተገዛ ወንበር ባዶውን ይያዛል።

ለፖሊሲ አውጪው የሚያሳስበው ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ወንበር ያጣችው ሒሳብ ያዥ ባልደረባዋን በእኩለ ሌሊት አትቀሰቅስም። በማግስቱ «የይለፍ ቃልህን ስጠኝ፣ በአንተው ስም ልግባ» ትለዋለች፤ እርሱም ይሰጣታል። ከሳምንት በኋላ ገንዘብ ተቀባይዋም ታውቀዋለች። ከወር በኋላ የይለፍ ቃሉ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ከስክሪኑ ጥግ ይለጠፋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፕሮግራሙ ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን ምን እንደሰረዘ የሚመዘግብበት የክትትል መዝገብ በአንድ ሰው ስም የሦስት ሰዎችን ሥራ ይይዛል። መዝገቡ እንደወትሮው በደቂቃና በሰከንድ የተሟላ ነው፤ ለተመለከተው ያሳምናል። ችግሩም እርሱ ነው።

ኮምፒውተሩን መቆለፍ መፍትሔ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። የዊንዶውስ ስክሪን ሲቆለፍ አላፊ አግዳሚው መዝገቡን እንዳያይ ይከለከላል እንጂ ከበስተጀርባው ፕሮግራሙ እንደተከፈተ፣ ወንበሩም እንደተያዘ ይቀራል። ከቤታቸው ሆነው በሪሞት ዴስክቶፕ ለሚሠሩ ሒሳብ ያዦች ነገሩ ይብሳል። በመስኮቱ ጥግ ያለችውን የመዝጊያ ምልክት ሲጫኑ የወጡ ይመስላቸዋል፤ የተቋረጠው ግን መስመሩ ብቻ ነው። በሰርቨሩ ላይ ፕሮግራሙ በስማቸው መሥራቱን ይቀጥላል፤ አስተዳዳሪው የተቋረጡ ሴሽኖች ከዚህን ያህል ሰዓት በኋላ ይዘጉ ብሎ ካላዘዘ በስተቀር ለቀናት ሊቆይ ይችላል። በሃቫና ስትሪት ላይ ካሉት ቤቶች ለዚህ ሥራ አስተዳዳሪ የሚቀጥር ስንቱ ነው?

የሒሳብ ሥራ ወደ ኢንተርኔት መሸጋገሩ ይህን ሁሉ ይፈታዋል የሚል ተስፋ አለ። ኢንትዊት እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ላይ ኩዊክቡክስ ዴስክቶፕ ፕሮንና ፕሪሚየርን በአሜሪካ ለአዲስ ደንበኞች መሸጥ አቁሟል፤ ገበያው ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። በኢንተርኔት በሚሠራው ኩዊክቡክስ የሚቆጠረው በአንድ ጊዜ የገቡት ሰዎች ብዛት ሳይሆን የተመዘገቡት ስሞች ብዛት ነው፦ በዝቅተኛው ክፍያ 1፣ በሚቀጥለው 3፣ ከዚያ 5። ወንበሩ መያዙ ቀረ፤ ስም መዋሱ ግን ባሰበት። ሥራ የፈታ ሴሽንን በራሱ የሚዘጋበት ጊዜም ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ውስጥ የሚመረጥ ነው። በአንጻሩ የክፍያ ካርድ ኢንዱስትሪው የደኅንነት ደንብ የካርድ መረጃ በሚነካ ሥርዓት ላይ ከ15 ደቂቃ በላይ ሥራ የፈታ ሰው ማንነቱን እንደገና እንዲያረጋግጥ ያዛል። በምሳ ሰዓት በሚጨናነቅ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ አንድ ሰዓት እጅግ ረጅም ነው።

የተዋሰው ስም ዋጋ የሚታወቀው ገንዘብ የጎደለ ዕለት ነው። ከመዝገቡ 1,800 ዶላር የሚያህል ሽያጭ ተሰርዞ ተገኘ እንበል። የክትትል መዝገቡ የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ ባለቤቱም የሚያምነው መዝገቡን ነው። በኮሎራዶ የደመወዝ ሕግ መሠረት አሠሪ ሰርቋል ብሎ ከጠረጠረው ሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቀነስ የሚችለው ጉዳዩን ለፖሊስ ካመለከተ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ክስ ካልተመሠረተ፣ ወይም ሠራተኛው ነጻ ከተባለ፣ የተያዘበት ገንዘብ ከነወለዱ ይመለስለታል። ሕግ አውጪው ይህን የጻፈው ሠራተኛውን ለመጠበቅ ነበር፤ ያለ ማመልከቻ ደመወዝ እንዳይነካ። ነገር ግን ለስደተኛ ሠራተኛ ጥበቃው ራሱ በር ይከፍታል፤ ባለቤቱ ገንዘቡን ለማስቀረት ሲል ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንዲሄድ ይገፋፋዋልና።

ከፖሊስ ጣቢያ በኋላ ያለውን መንገድ የኦሮራ ማኅበረሰብ ያውቀዋል። በጥር 2025 የጸደቀው የሌከን ራይሊ ሕግ ያለ ሕጋዊ ፍተሻ የገቡ ወይም የመግቢያ ሰነድ የሚጎድላቸው ሰዎች በስርቆት ከተከሰሱ፣ አልፎም ከተያዙ ብቻ፣ በኢሚግሬሽን እስር እንዲቆዩ ያስገድዳል። ጥፋተኛ መባል አያስፈልግም። ድንበር አቋርጠው ገብተው የጥገኝነት ጉዳያቸው ያልተቋጨ በርካታ ወገኖች ይህ ይመለከታቸዋል። የሚታሰሩበትም ቦታ ሩቅ አይደለም፤ ማቆያው ከሃቫና ስትሪት ብዙም ሳይርቅ እዚያው ኦሮራ ውስጥ ነው። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን ለዜግነት ሲያመለክት ተይዞ ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ክሱ ቢሰረዝም መልሱ «አዎ» ነው። በሌላ ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ያልተዘጋ ሴሽን እስከዚህ ድረስ ይሄዳል።

ማኅበረሰቡ የሥራ መለያየትን ትርጉም አያጣውም። እቁብ የጠጣ ሰው ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ለምን የተለያዩ ሰዎች እንደሚሆኑ ያውቃል፤ የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ለምን በአንድ ሰው ብቻ እንደማይከፈትም ያውቃል። በእጅ በተጻፈ መዝገብ ላይ የጸሐፊው የእጅ ጽሑፍ ራሱ ምስክር ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ ግን የሁሉም ሰው የእጅ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን የሚነግረን የገባበት ስም ብቻ ነው።

ሕጉ ዝም አላለም፤ ለትንሹ ነጋዴ በሚገባ ቋንቋ አልተናገረም እንጂ። የፌዴራሉ የጤና መረጃ ደንብ ሥራ የፈታ ሴሽን በራሱ እንዲዘጋ የሚጠይቅ ግልጽ አንቀጽ አለው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የመረጃ ጥበቃ ደንብ ዋና ማሻሻያዎች ከሰኔ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ናቸው፤ ደንቡ ታክስ የሚሠሩ ቢሮዎችንና ገንዘብ የሚልኩ ድርጅቶችን ጭምር ይይዛል። ከ5,000 ያነሱ ሰዎችን መረጃ ለሚይዙት አንዳንድ ግዴታዎችን ቢያቀልም የተጠቃሚዎችን እንቅስቃሴ የመከታተልና የመመዝገብ ግዴታን አላነሳላቸውም። በሃቫና ስትሪት ላይ ታክስ የሚሠራ የሁለት ሰው ቢሮ ስም እየተዋዋሰ ይህን ግዴታ ሊወጣ አይችልም። ምናልባትም ግዴታው እንዳለበት አልሰማም።

ምግብ ቤቱና መደብሩ ግን ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። የኮሎራዶ የግላዊነት ሕግ በአብዛኛው የሚነካው የ100,000 ሰዎችንና ከዚያ በላይ መረጃ የሚይዙትን ነው። የቀረው በ2018 የወጣው የሸማቾች መረጃ ጥበቃ ሕግ ሲሆን፣ እርሱም የንግዱን መጠንና የመረጃውን ዓይነት ያገናዘበ «ምክንያታዊ» ጥበቃ ይደረግ ይላል። ለሠራተኞቹ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በሒሳብ ፕሮግራሙ ውስጥ ለሚይዝ የአምስት ሠራተኞች ጌታ «ምክንያታዊ» ማለት ምን ማለት ነው? 15 ደቂቃ? አንድ ሰዓት? ሕጉ አይናገርም፤ ባለሙያ የሚከፍልበት አቅም የሌለው ሰውም በግምት ይሠራል።

እዚህ ላይ ቀላል የሚመስለው መልስ፣ ማለትም ሁሉንም በ15 ደቂቃ ማባረር፣ ስሕተት ነው። ሰው በየጊዜው ሲባረር መውጫ ይፈልጋል። በ2015 የወጣ የሆስፒታሎች ጥናት ሠራተኞች ሰው መቅረብ መራቁን በሚለየው መሣሪያ ላይ የፕላስቲክ ኩባያ ደፍተው ኮምፒውተሩ እንዳይዘጋባቸው ያደርጉ እንደነበር መዝግቧል። ሐኪሞቹ ይህን ካደረጉ፣ አንድ እጇ በደንበኛ፣ ሌላው በደረሰኝ የተያዘ ገንዘብ ተቀባይ ምን ታደርጋለች? ሁለተኛም አደጋ አለ። በሥራ መሐል ያለን ሴሽን በኃይል መቁረጥ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ያጠፋል፤ በጋራ ፋይል ላይ በሚሠሩ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ደግሞ ፋይሉን እስከ ማበላሸት ሊደርስ ይችላል። ጥሩ አሠራር መጀመሪያ ያስጠነቅቃል፣ የተጀመረውን ጽሑፍ በረቂቅ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ወንበሩን ይለቃል፤ ሰውየው ሲመለስ በአጭር ማረጋገጫ ካቆመበት ያስገባዋል። ይህን መሥራት ያለበት ሻጩ ነው። ነጋዴው በፕሮግራሙ ውስጥ የሌለውን ነገር እንዲያስተካክል መጠየቅ ፍትሕ አይሆንም።

ስለዚህ ከምክር ቤቱ በፊት የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሊጀምር ይችላል። «ምክንያታዊ» የሚለውን ቃል ለትንንሽ ንግዶች በቁጥር የሚተረጉም የሁለት ገጽ መመሪያ ያለ አዲስ ሕግ ሊያወጣ ይችላል፦ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስም፣ ደመወዝና የባንክ ሒሳብ በሚታይበት ቦታ አጭር ጊዜ፣ ሽያጭ ብቻ በሚገባበት ቦታ ረዘም ያለ ጊዜ፣ የተቋረጡ የሪሞት ሴሽኖች በዚያው ሌሊት እንዲዘጉ። መመሪያው በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኮሪያኛና በስፓኒሽ ካልወጣ ሃቫና ስትሪት አይደርስም። ማድረሻው ደግሞ አለ፤ ከ6ኛ አቬኑ እስከ ዳርትማውዝ 4.3 ማይል የሚሸፍነው የሃቫና የንግድ ማሻሻያ ዲስትሪክት ከነጋዴዎቹ ጋር በየዕለቱ የሚገናኝ አካል ነው።

ምክር ቤቱ ደግሞ ከኦሃዮ ሊማር ይችላል። ኦሃዮ በ2018 የታወቀ የደኅንነት ማዕቀፍ የተከተለ ንግድ መረጃ ቢሰረቅበት በፍርድ ቤት መከላከያ እንዲኖረው ፈቅዳለች፤ ዩታ በ2021 ተከትላለች። ኮሎራዶ ይህን ብታደርግ መከላከያው የሠራተኛ መብት እንዳይሸፍን ጥንቃቄ ያሻል፤ ለነጋዴው ማበረታቻ የሆነው ለሠራተኛው ግድግዳ እንዳይሆን። ስቴቱና ከተሞቹ ለትንንሽ ንግዶች በሚሰጡት የዲጂታል ድጋፍ የሚገዛ ፕሮግራምም ወንበር የሚለቅና ጊዜው የሚስተካከል መሆኑ በውሉ ቢጠየቅ ሻጮቹ ከሕግ ይልቅ ፈጥነው ይሰማሉ።

ከሁሉ አስቸኳዩ ግን የደመወዝ ሕጉ ነው። በስርቆት ጥርጣሬ ደመወዝ መያዝ የሚፈቅደው አንቀጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይበቃል፦ ከአንድ ሰው በላይ በሚጠቀምበት ስም፣ ወይም በራሱ በማይዘጋ ሴሽን የተመዘገበ ጽሑፍ ብቻውን ደመወዝ ለመያዝ በቂ ምክንያት አይሆንም። አሠሪው ሌላ ማስረጃ ካለው ያቅርብ። ይህ ሌባን አያስመልጥም፤ ባለቤቱ ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት መዝገቡን ማን እንደከፈተው ሳይሆን በዚያ ሰዓት ማን በጓዳው እንደነበረ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። የሥራ መርሐ ግብሩ፣ የካሜራው ምስልና የስልክ መልእክቶቹ መልሱን ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። ምክር ቤቱ በጥር ሲሰበሰብ ኦሮራን የሚወክሉት አባላት ጽሕፈት ቤቶች ሊይዙት የሚችሉት፣ የስቴቱን በጀት የማይነካ ረቂቅ ይህ ነው።