የተጋገረ ፓስታ በዴራ ማዕድ

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ካከፋፈለበት ዘመን ወዲህ በስንዴዋ ስሟ የገነነው አርሲ፣ ሥጋና ቅቤም ሳይጐድልባት፣ ከዴራ እስከ አሰላ ያሉት ቤቶቿ የተፈጨ ሥጋ፣ ቲማቲምና ፓስታ ተደራርቦ የሚጋገረውን ጠንካራ እራት ለሆቴል ብቻ መተዋቸው ተገቢ ሆኖ አይታየኝም። ጣሊያን ያመጣው ነው የሚለው ነቀፌታ ከንቱ ነው፤ ፓስታውን ራሱን ከማዕዳችን ያባረረው ማን ነው? ፉርኖ የለንም የሚለውም ምክንያት፣ ድፎ ዳቦን ከታች እሳት አንድዳ፣ ከላይ በክዳኑ ፍም ጭና ለምታበስል ባለሙያ እመቤት ሰበብ እንጂ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ዋናው ጥበብ ሥጋውን ከቀይ ሽንኩርቱ ጋር ውሃው ፈጽሞ እስኪመጥ ማቁላላት ነው፤ ያልመጠጠ እንደ ሆነ ፓስታው ይላሽቃል። (የበርበሬውን ልክ ለየቤቱ ሥልጣን እተዋለሁ።) የእኛ አይብ እንደ ፎርማጆ ስለማይቀልጥ በመካከል ይነጠፍ፤ ከላይ ግን በቅቤ የታሸ የዳቦ ፍርፋሪ ይነስነስበት። በጾም ወራት ክርስቲያኑ ሥጋውን በድፍን ምስር፣ ቅቤውን በዘይት ይለውጥ፤ አይቡንም ይተወው።