ስንት ቮልት ወይስ ስንት ከረንት?

ሌዘር ዲዮድ በገዛ እጃቸው ለማብራት የሚጥሩ ጓደኞቻችን ዘወትር የሚጠይቁት «ስንት ቮልት ልስጠው?» እያሉ ነው። የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ብሆንም፣ ጥያቄው ከሥሩ ስሕተት ነው እላለሁ፤ ዲዮዱን የሚያኖረውም የሚገድለውም ከረንቱ ነውና።

ማስረጃው ቀላል ሒሳብ ነው። 2.2 ቮልት የሚወስድ ቀይ ዲዮድ በ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር 30 ሚሊአምፔር እንዲያገኝ 93 ኦም ያህል ሬዚስተር ይበቃዋል። ያንኑ ሬዚስተር ሳይለውጡ ወደ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ቢያዛውሩት ግን ከረንቱ ከ100 ሚሊአምፔር ያልፋል። ለ30 የተሠራ ዲዮድ ይህን አይችልም፤ ከመሞቱም በፊት ከታሰበው የበረታ ብርሃን ሊረጭ ይችላል። ዲዮድ ከገበያ ይገዛል፤ ዓይንስ ከወዴት ይገዛል?

ስለዚህ ባትሪ ከማማረጥ አስቀድሞ ከረንቱን የሚገታ፣ ለምሳሌ ኤልኤም 317 ያለበት፣ ሰርኪዩት ይሠራ። እርሱም ቢሆን ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ በ5 ቮልት ደግሞ ለራሱ የሚቀርለት ጥቂት ነው። እንግዲህ በሌዘሩ ፈንታ ሦስት ተራ የሲሊከን ዲዮዶች አከታትሎ በማስገባት፣ በያንዳንዱ ምንጭ ከረንቱን መለካት ይገባል። ዕውቀት «በራልኝ» ማለት አይደለም፤ ስንት እንደሚፈስ ለክቶ ማወቅ ነው እንጂ።