በጥምቀት የተሰጠን ስም

ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከመንበራቸው ተነሥተው፣ በካህናትና በምእመናን ታጅበው ወደ ባሕረ ጥምቀት ይወርዳሉ። ሌሊቱ በማኅሌትና በቅዳሴ ካለፈ በኋላ ጥር 11 ቀን ማለዳ ውኃው ይባረካል፤ ሕዝቡም ይረጫል። ይህ በዓል በ2012 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ መስፈሩ ደስ ያሰኘናል። ይሁንና ዓለም የመዘገበው የበዓሉን ሥርዓት ነው። «እናንተ ማን ናችሁ?» የሚለውን የበዓሉን ጥያቄ ግን እያንዳንዳችን በየቤታችን ልንመልሰው ይገባል።

በዕለቱ የምንረጨው ውኃ ዳግመኛ ጥምቀት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች በጸሎተ ሃይማኖት እንዳጸኑት ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። ስለዚህ በየዓመቱ ወደ ውኃው የምንወርደው አዲስ ማንነት ለመቀበል ሳይሆን የተቀበልነውን ለማስታወስ ነው።

ያን ማንነት የተቀበልነው ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ80 ቀናችን ነው። ይህም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደገቡ መጽሐፈ ኩፋሌ ከሚተርከው ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ጥምቀት ወደ ጠፋው ርስት መመለስ መሆኑን ያስተምረናል። በዚያን ቀን ክርስትና አባታችን ወይም ክርስትና እናታችን ስለ እኛ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ክደዋል፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው በክርስቶስ አምነዋል። ስምም ተሰጥቶናል፤ ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ መድኅን፣ ወለተ ማርያም፣ አመተ ሥላሴ ተብለናል። ወልድና ወለት ልጅነትን፣ ገብርና አመት አገልጋይነትን ያመለክታሉ። እንግዲህ ስማችን ራሱ የራሳችን ብቻ አለመሆናችንን ይመሰክርብናል።

በዚህ ስም ሥጋውንና ደሙን እንቀበላለን፤ ስናርፍም ካህኑ በፍትሐት የሚጠራን በዚሁ ስም ነው። የሕይወታችን መግቢያና መውጫ በእርሱ የታተመ ሆኖ ሳለ፣ መካከሉን ግን ረስተነው መኖራችን ያሳዝናል።

አማኞች ክርስቲያን ተብለው መጀመሪያ የተጠሩት በአንጾኪያ እንደሆነ የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። ከዚያ አስቀድሞ በጋዛ መንገድ ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ለመጠመቅ ውኃ ባሳየ ጊዜ፣ ከእርሱ የተፈለገው እምነቱ እንጂ አገሩና ሹመቱ አልነበረም። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስን በጥምቀት በለበሱት መካከል አይሁዳዊና ግሪካዊ፣ ባሪያና ጨዋ፣ ወንድና ሴት መባባል መለያያ እንደማይሆን አስረድቷል። ይህ ማለት ቋንቋችንና ትውልድ ቀያችን ይጥፉ ማለት አይደለም። ወንድማችንን የምንመዝንባቸው ሚዛኖች ግን ሊሆኑ አይችሉም።

ይህን ትምህርት መዘንጋት ምን እንደሚያስከፍል ቅርብ ጊዜ አይተናል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በተካሄደው ጦርነት በግራም በቀኝም ከወደቁት ልጆች መካከል በአንድ ሥርዓት የተጠመቁ፣ በአንገታቸው አንድ ዓይነት ማዕተብ ያሰሩ ነበሩ። እናቶች በዚህም በዚያም ለፍትሐት የሰጧቸው ስሞች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ወልደ ሚካኤልም ለወልደ ሚካኤል ጠላት ሆኖ ነበር። ይህን እያሰቡ በባሕረ ጥምቀቱ ዳር ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ነገሩ ግን ከጦር ሜዳ ብቻ የሚታይ አይደለም። በየቤታችን የበዓሉን ወጥ ለመሥራት ሌሊቱን ምድጃ ዳር ያነጋች ሠራተኛ አለች። እኛ ነጭ ለብሰን ታቦት ልንሸኝ ስንወጣ እርሷ ቤት ጠባቂ ሆና ትቀራለች። ለመሆኑ ስመ ክርስትናዋን ጠይቀናት እናውቃለን? በግቢያችን የተከራየውን ጎረቤት ከመጠጋታችን በፊት የትውልድ አገሩን ለማወቅ የምንቸኩለውስ ስለምንድን ነው? ማዕተብ ምልክት ነው፤ ምልክቱ በአንገት ላይ ታስሮ ምግባሩ ከእጅ ከጠፋ፣ ክሩ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ስለዚህ ወላጆች በዚህ በዓል ልጆቻቸውን በማዕድ ዙሪያ ሰብስበው ስመ ክርስትናቸውንና ትርጉሙን እንዲነግሯቸው እናሳስባለን። የክርስትና አባቶችና እናቶችም አደራቸው በጥምቀቱ ቀን እንዳላበቃ ያስታውሱ። ሠራተኛዋ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ባሕረ ጥምቀት ትውረድ፤ ጎረቤትም ከየትም ይምጣ ከየት ድፎው ሲቆረስ ይጠራ። የተቀያየመ ካለ ታቦቱ ወደ መንበሩ ሳይመለስ ይታረቅ። ማን መሆናችንን ለሚጠይቀን በዓል የሚገባው መልስ ይህ ነውና።

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ!